አሥራ ስምንተኛው ሌሊት

እኛ ሰፈር መብራት «ጠፋ» አይባልም፤ «ሄደ» ነው የሚባለው፣
ዘመድ እንዳኮረፈ፣ እግር እንዳለው ሰው።
«መጣ!» ሲሉ ልጆች፣ ግርግር፣ ጭብጨባ፤
እኔ ግን አልቆምም፣ ከማሽኔ ጋ ልግባ፤
ዘጠና ስድስት እንቁላል ቆጥሬ ያስገባሁ፣
በእርሳስ ቁጥር ጽፌ፣ ጧት ማታ ማዞር የለመድሁ።

ማሽኔን የሠራው ይማም ነው፣ ከአሮጌ ፍሪጅ ሬሳ፤
ሁለት አምፖል፣ አንድ ማራገቢያ፣ ውኃ በሰርዲን ጣሳ።
ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው የሚፈልገው ሙቀት፤
ከዚያ ከወረደ ሌሊት፣ ጫጩት የለም፣ ሽታ ነው ጧት።
ባለፈው ዙር ስልሳውን ቀበርሁ፣ ጓሮዬን ቆፍሬ፣
አመድ አለበስሁት ከላይ፣ ከጎረቤት አፍሬ።

ለዚህ ነው ስልኬን ይዤ ስጎረጉር ያመሸሁ፣
«ኢንቨርተር» ብዬ ስጽፍ፣ ፊደሉን ሦስቴ የሳትሁ።
ደሴ ጠይቄ ነበር፤ ዋጋው ያስታጥባል እጅ፤
ቴሌግራም ላይ ግን ቀረበኝ፣ ዝቅ ብሎ እንደ ወዳጅ።
«ሁለት ሺህ ዋት! ንጹህ ሞገድ! አራት ሺህ ብር ብቻ!
ሦስት ነው የቀረን፣ ይፍጠኑ!» ሽያጭ አይደል፣ ዘመቻ።
ደወልሁ። «ዋስትና አለው?» «አለው እንጂ እህቴ።»
ድምፁ የወንድ፣ ሒሳቡ «የሺእመቤት»፤ ተላወሰ አንጀቴ።
አውራ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ የምስጢር ቁጥሬን መታሁ፤
አራት ሺህ፣ የሰባት ወር እቁብ፣ በአንድ ንክኪ ሸኘሁ።

ሦስት ቀን ዝም። «ተበላሽ» አለ ይማም፣ ሳይስቅ።
በአራተኛው የሚኒባስ ረዳት «ጦይባ ማናት?» አለ፣ ሐይቅ
መናኸሪያው በር ላይ፤ ካርቶን፣ በፕላስተር የታነቀ፤
አንስቼ ሳየው ቀለለ፤ ልቤ ግን ከብዶ ወደቀ።
ይማም ብሎኑን ፈታ፣ ሆዱን አየና ሳቀ፤
«ቆዳው ሁለት ሺህ ይላል፤ ውስጡ ከሦስት መቶ አልዘለቀ።
ማንቆርቆሪያ ብትሰኪበት እዚሁ ነው የሚያነባ።»
ደግሞ ዝም አለ፣ አሰበ። «ያንቺ አምፖል ስንት ነው፣ ጦይባ?
ሁለት ስልሳ፣ መቶ ሃያ። ለማራገቢያው አሥር ጨምሪ።
ውሸታም ነው፤ ግን ላንቺ ልክ ይበቃሻል። በይ፣ አብሽሪ።»
ባትሪው የአራጋው ነው፣ ከቆመው አይሱዙ የወጣ፤
«ወረፋዬ እስኪደርስ ያዥው፤ ነዳጁም እንደሁ አልመጣ።»

በአሥራ ስምንተኛው ሌሊት ሄደ። ሐይቁ ራሱ ጠፋ።
አንድ «ጢጥ»። አምፖሌ ጨፈነ፣ ገለጠ፤ ግድግዳው ሰፋ።
ብርሃኑን አይታ ነው መሰል፣ በር መታች እትዬ ስንዱ፤
«ልጄ ከሚሴ ላይ ቆሟል፤ ተዘግቷል ይላሉ መንገዱ።»
ስልኳ ሁለት በመቶ ነው። እንቁላሌን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ።
ሶኬቱ ሁለት ብቻ ነው። ማራገቢያዬን ነቅዬ የእርሷን ሰካሁ።
በካርቶን ክዳን አራገብሁ፣ እጄ ሆነ ማራገቢያ፤
ስደክም እርሷ ተቀበለች፤ አንዳችን ወዲህ፣ አንዳችን ወዲያ።
ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ። «አለሁ» አለ፤ «አለሁ፣ እማ።»
እርሷ ለእስጢፋኖስ ተሳለች፤ «አሚን» ያልሁት እኔ ነኝ፣ ስሰማ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ «ጢጥ… ጢጥ…» ሲል ሰምቼ ነቃሁ፤
«ባትሪው አለቀ!» ብዬ፣ ሻሼን ረስቼ ሮጥሁ።
እቃው ዝም ብሏል፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ደኅና፤
«ጢጥ» ያለው ቁጥር አርባ ሦስት ነው፤ ምንቃር ብቅ ብሏል፣ ገና።

ሁሉም አልወጡም። ስልሳ አንድ። ሠላሳ አምስቱን ቀበርሁ፤
አመዱን ግን አላለበስሁም፤ ማንንም አላፈርሁ።

ሻጩ ትናንት ጻፈልኝ፦ «እቃውን እንዴት አገኙት፣ እህቴ?
ኮከብ ይስጡን።» ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ መለሰች ጣቴ፦
«ዋሽተሃል። ሁለት ሺህ ያልኸኝ ሦስት መቶም አይሞላ።
ስልሳ አንድ ጫጩት አለኝና፣ እኔ አውፍ ብዬሃለሁ፤ ለሌላ፣
ማንቆርቆሪያ ለሚሰካ ሰው፣ እውነቱን ንገር በአላህ።»
ሦስት ኮከብ ነካሁ። ገና ሳልልከው፣
«ሄደ!» አሉ ልጆች። «ጢጥ» አለ እቃው።